በቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ላይ ለመቅረብ፦ ከምዝገባ እስከ ተመልካች ድምፅ ድረስ ዝርዝር መመሪያ

በቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር የሚመዘገቡ ብዙ ወጣቶች በየምዕራፉ የሚወድቁባቸው ምክንያቶች ተመሳሳይ ናቸው። ከድምፃቸው ጋር የማይሄድ ዘፈን ይመርጣሉ፤ ኪያቸውን፣ ማለትም ለድምፃቸው የሚመቸውን የዘፈኑን ከፍታ፣ ሳያውቁ ከሙዚቃ ባንድ ፊት ይቆማሉ፤ የሚፈርሙትን ወረቀት አያነቡም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በዋናነት እንደ ፋና ላምሮትና ባላገሩ አይዶል ባሉ ውድድሮች ለሚቀርቡ ድምፃውያን ሲሆን፣ በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በእስራኤል ለመሞከር ያሰበ ሰውም የአሠራሩን ልዩነት በየቦታው ተጠቅሶ ያገኘዋል። የውድድር ደንብ ከምዕራፍ ምዕራፍ ስለሚለወጥ፣ እዚህ የተጻፈው ከአዘጋጁ ማስታወቂያ ጋር ከተጋጨ የአዘጋጁን ይከተሉ።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፦ ማጣሪያው ስንት በር አለው?

በቴሌቪዥን የሚታየው አንድ ሰው ገብቶ ሲዘፍን፣ ዳኞች ሰምተው ሲያሳልፉት ወይም ሲጥሉት ነው። ከዚያ በፊት ግን ካሜራ የማያሳየው ማጣሪያ አለ። በትልልቆቹ ውድድሮች ተወዳዳሪው በመጀመሪያ የሚዘፍነው ለፕሮግራሙ አዘጋጆች ሲሆን፣ በአሜሪካን አይዶል ይህ በግልጽ የሚታወቅ አሠራር ነው፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ይህን ዙር በኢንተርኔት ቪዲዮ ማለፍ ይቻላል። ቀጥሎ የዳኞች ዙር ይመጣል፤ ይህ አስቀድሞ ተቀርጾና ተቆራርጦ የሚተላለፍ ነው። ከዚያ ከባንድ ጋር የሚደረጉ የመድረክ ዙሮች ይከተላሉ፤ የተመልካች ድምፅ የሚታከለውም ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

እያንዳንዱ በር የሚፈልገው የተለያየ ነው። አዘጋጁ በአጭር ጊዜ ብዙ ሰው ስለሚሰማ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰከንዶች ይመዝናል፤ ዳኛው የዜማ አወጣጥን፣ ቅኝትን (ዜማው የተሠራበትን የድምፆች ስብስብ፣ እንደ ትዝታና አምባሰል) እና የራስ የሆነ አቀራረብን ይመረምራል፤ ተመልካቹ የሚወደውን ሰው ይመርጣል። ለሁሉም በአንድ ዓይነት ዝግጅት መቅረብ አይቻልም።

1. ትክክለኛውን ምዝገባ ያግኙ

የምዝገባ ማስታወቂያውን ከጣቢያው የራሱ ስርጭት ወይም በስርጭቱ ላይ ከተነገረ አድራሻ ብቻ ይውሰዱ። በቴሌግራምና በቲክቶክ የውድድሩን ስምና አርማ ለጥፈው «የመመዝገቢያ» ወይም «ቦታ ማስያዣ» እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። በግለሰብ ስም ወደሚገኝ የቴሌብር ወይም የባንክ ሒሳብ ምንም ገንዘብ አይላኩ። አስቀድመው ከፍለው ከሆነ የክፍያውን ማረጋገጫና የተጻጻፉትን ሳያጠፉ ለጣቢያውና ለፖሊስ ያመልክቱ።

ደንቡን ሲያነቡ እነዚህን ይፈልጉ፦ የዕድሜ ገደብ፣ ከዚህ በፊት አልበም ወይም ነጠላ ዜማ ያወጣ ሰው መወዳደር ይችል እንደሆነ፣ ከሌላ ድርጅት ጋር ውል ያለው ሰው ይፈቀድለት እንደሆነ፣ የጉዞና የማደሪያ ወጪ የማን እንደሆነ። የመጨረሻው ከክልል ለሚመጣ ሰው ወሳኝ ነው፤ ውድድሩ ለሳምንታት ሲቀጥል በየሳምንቱ አዲስ አበባ መመላለስ ያቃተው ተወዳዳሪ በድምፁ ሳይሆን በኪሱ ይወድቃል።

2. ሦስት ዘፈን ይምረጡ

አንድ ዘፈን ይዞ መሄድ የተለመደው ስህተት ነው። ዳኛው «ሌላስ?» ሲል ተወዳዳሪው ግራ ይጋባል፣ ያልተዘጋጀበትን ይጀምራል፣ በመጀመሪያው ያገኘውን ነጥብ በሁለተኛው ይጥላል። ስለዚህ አንድ ዝግ ያለ፣ አንድ ምቱ ፈጠን ያለ፣ አንድ ደግሞ ከሁለቱ በቅኝት የሚለይ ዘፈን ይያዙ።

በምርጫው ጊዜ ዘፈኑን ምን ያህል እንደሚወዱት አይመዝኑ። የሚመዘነው ድምፅዎ በዘፈኑ ውስጥ የት የት እንደሚያምር ነው። በጥላሁን ገሠሠ ወይም በአስቴር አወቀ ዘፈን የሚቀርብ ሰው፣ ዳኛው በጆሮው ከያዘው ከኦሪጅናሉ ጋር እንደሚፎካከር ይወቅ። እነዚህን ዘፈኖች መምረጥ ክልክል አይደለም፤ ነገር ግን የድምፃዊውን እርግብግቢትና ትንፋሽ ሳይቀር ቀድቶ መቅረብ «ራስህን አሳየን» የሚለውን አስተያየት ያስከትላል። በአንጻሩ ማንም የማያውቀውን ዘፈን መምረጥም ዋጋ አለው፤ ባንዱ ሊያጠናው ጊዜ ይፈጅበታል፣ ተመልካቹም አብሮ አይዘፍንም። በእኔ አስተያየት ለመጀመሪያ ዙር የሚሻለው፣ ሰው የሚያውቀው ሆኖ በውድድር መድረክ ላይ ያልተደጋገመ ዘፈን ነው።

ቅኝቱን ሳያውቁ ዘፈኑን አይያዙ። ዳኞች ስለ ቅኝት ይጠይቃሉ፤ ባይጠይቁ እንኳ ከቅኝቱ ሲወጡ ያውቃሉ። ብዙ ጊዜ የሚምታቱት አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው፤ ምክንያቱም ከአንድ መነሻ ሲጀምሩ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ድምፆቻቸው አንድ ናቸው። በኪቦርድ ላይ ሲ (C) ከምትባለው ድምፅ ቢነሱ («ፍላት» ማለት በግማሽ ድምፅ፣ ማለትም ነጩንም ጥቁሩንም ቆጥሮ በአንድ ቁልፍ ዝቅ ያለ ነው) አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ሲሆን፣ አንቺሆዬ ደግሞ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። አራተኛዋን ድምፅ በግማሽ ከፍ ወይም ዝቅ ያደረገ ሰው ሳያውቀው ወደ ሌላው ቅኝት እየተንሸራተተ ነው። ሁለቱን በኪቦርድ እየመቱ፣ ያለ ግጥም በ«ላ» ብቻ፣ አራተኛዋ ድምፅ ላይ እያረፉ ይለማመዱ።

ከምርጫ በኋላ አንድ ፈተና ያድርጉ፦ ደረጃ በፍጥነት ወጥተው ወዲያው ዘፈኑን ይጀምሩ። ፍርሃት ትንፋሽን እንደዚሁ ያሳጥራል። በዚያ ትንፋሽ ረጅሙን ስንኝ መጨረስ ካልቻሉ፣ የትንፋሽ መውሰጃ ቦታዎችዎን ይለውጡ ወይም ዘፈኑን ይለውጡ።

3. ኪይዎን ይወቁ፣ በወረቀትም ይጻፉ

ከባንድ ጋር በሚደረጉ ዙሮች ላይ ለሚደርሰው ውድቀት ዋናው ምክንያት ይህ ስለሆነ፣ ሌላውን ሁሉ ቸኩለው ቢያልፉ እንኳ ይህን አይለፉት። ኪቦርድ ከሌለዎት በስልክ ላይ የሚጫን የፒያኖ መተግበሪያ ይበቃል።

ሀ. ዘፈኑን ያለ ሙዚቃ በሚመችዎ ከፍታ ዘፍነው ይቅዱ።

ለ. በዘፈኑ ውስጥ ከፍ ያለችውን ድምፅ ይፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በአዝማቹ ውስጥ ትገኛለች። በኪቦርዱ ላይ አግኝተው ስሟን ይጻፉ።

ሐ. ያችን ድምፅ በሙሉ ጉልበት ደጋግመው ያውጡ። ድምፅዎ ከተሰነጠቀ ወይም ዝቅ ካለ፣ ዘፈኑን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገው እንደገና ይሞክሩ።

መ. ዝቅ ያለችውንም ድምፅ እንዲሁ ይፈትሹ። በክፍልዎ ውስጥ የምትሰማ ድምፅ ከድራምና ከቤዝ ጋር ልትጠፋ ትችላለች።

ሠ. ሁለቱ ጫፎች ሲመቹዎት ዜማው የሚያርፍባትን መነሻ ድምፅ ስም ይጻፉ። ለባንዱ የሚሰጡት «ትዝታ ሜጀር፣ ከኤፍ» የሚል አጭር ማስታወሻ ነው።

ሴት ድምፃዊት የወንድ ዘፈን ስትወስድ፣ ወንድም የሴት ሲወስድ፣ በኦሪጅናሉ ኪይ መቆየት ብዙ ጊዜ አይሆንም፤ ከአራት እስከ ሰባት ግማሽ ድምፅ ማዛወር የተለመደ ነው። ለአንድ ቀን ጉንፋን እንዲሆን ደግሞ በግማሽ ወይም በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ያለ ሁለተኛ ኪይ በዚያው ወረቀት ላይ ይያዙ።

4. ዘፈኑን ለማጣሪያ ያሳጥሩ

በመጀመሪያው ማጣሪያ ሙሉ ዘፈን የሚሰማዎት የለም። ከ60 እስከ 90 ሰከንድ የሚሆን ቁራጭ ያዘጋጁ። ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ በቅደም ተከተል መዝፈን ግዴታ አይደለም፤ አንድ ስንኝ፣ ከዚያ አዝማቹ፣ ከዚያ በድምፅዎ የሚኮሩበት አንድ ቦታ ይበቃል። ዘ ቮይስ በተባለው ውድድር ዳኞቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ስለሚሰሙና አዝራር ተጭነው ስለሚዞሩ፣ ዘግይቶ የሚያምር አጀማመር እዚያ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ያስከፍላል።

ቁራጩን ያለ መሣሪያ ይለማመዱ። ያለ አጃቢ የሚዘፍን ሰው ሳይታወቀው ከጀመረበት ከፍታ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ለመፈተሽ የመነሻዋን ድምፅ በኪቦርድ ይስሙ፣ ዘፍነው ይጨርሱ፣ ያረፉበትን ድምፅ መልሰው ከኪቦርዱ ጋር ያስተያዩ። ዝቅ ብለው ከተገኙ፣ በቅጂው ላይ የት እንደጀመረ ይፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ትንፋሽ ባለቀበት የስንኝ መጨረሻ ላይ ነው። ያችን አንድ ስንኝ ብቻ ነጥለው ያስተካክሉ።

5. የምዝገባ ቪዲዮ

ቪዲዮ ከተጠየቀ ስልኩን በማይነቃነቅ ነገር ላይ አስደግፈው፣ ብርሃን ከፊት ለፊትዎ እንዲመጣ ወደ መስኮት ዞረው ይቅረጹ። መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ክፍል ከባዶ ሳሎን ይሻላል፤ ባዶ ክፍል ያስተጋባል። ማሚቶ ወይም የድምፅ ማስተካከያ አይጨምሩ፤ አዘጋጁ የሚፈልገው ጥሬ ድምፅ ነው፣ የተቀባባ ቅጂም ጥርጣሬ ያስነሳል። በከፍተኛ ድምፅ ሲዘፍኑ ቅጂው የሚሰባበር ከሆነ ከስልኩ አንድ ሁለት እርምጃ ይራቁ። ስምዎንና የዘፈኑን ርዕስ ተናግረው ወዲያው ይጀምሩ።

6. የማጣሪያው ቀን

ሰልፉ ረጅም ሊሆን ይችላል። ውኃ፣ ቀላል ምግብ፣ መታወቂያና ኪይ የጻፉበትን ወረቀት ይዘው በጠዋት ይድረሱ። በሰልፉ ላይ ሙሉ ድምፅ አውጥቶ መለማመድ ግን ጉዳት አለው፤ ተራው በሚደርስበት ሰዓት ድምፁ የደከመ ሰው ይበዛል። ከንፈርን በማርገብገብና በአፍንጫ በማንጎራጎር ድምፅዎን ያሙቁ፤ ተራዎ ሲቃረብ ብቻ ትንሽ ከፍ ያድርጉት።

አዘጋጆቹ ስለ ሕይወትዎ ይጠይቃሉ። ይህ ተራ ጨዋታ አይደለም፤ ፕሮግራሙ የሚሠራው ከዘፈንና ከታሪክ ስለሆነ የተናገሩት ሁሉ ሊተላለፍ ይችላል። ቤተሰብዎን የሚያሳፍር ወይም የሌላ ሰው ምስጢር የሆነ ነገር አይንገሩ። አስለቃሽ ታሪክ ከሌለዎት አይፍጠሩ፤ የሥራዎን ወይም የሰፈርዎን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ግልጽ አድርጎ መናገር ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ዓይነት ፕሮግራሞች ለመሳቂያ ሲባል ወደ ዳኞች የሚያልፍ ሰውም አለ። ስለ አዘፋፈንዎ ምንም ሳይባል ስለ አለባበስዎና ስለ ሁኔታዎ ብቻ የሚያወሩ ከሆነ፣ ወይም ያላሰቡትን ነገር በካሜራ ፊት እንዲያደርጉ ከገፋፉዎት፣ በትሕትና እምቢ ይበሉ።

7. ዳኞች ፊት

ገብተው ሰላም ይበሉ፣ የቆሙበትን ምልክት አይልቀቁ፣ ከመጀመርዎ በፊት አንድ ጊዜ በረጅሙ ይተንፍሱ። በጣም ከፍ አድርገው ከጀመሩና አዝማቹ እንደማይደርስ ካወቁ፣ በሁለተኛው ስንኝ ከመሰንጠቅ ይልቅ ወዲያው ቆመው «ይቅርታ፣ ዝቅ አድርጌ ልጀምር» ማለት ይሻላል፤ ይህ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነው። ግጥም ከጠፋብዎ ዜማውን አያቋርጡ፤ ያንኑ ስንኝ ይድገሙ ወይም ወደ አዝማቹ ይሻገሩ።

አስተያየት ሲሰጥዎ አይከራከሩ። በኢትዮጵያን አይዶል ጊዜ ዳኛ የነበሩት የሳክስፎን ተጫዋቹና መምህሩ ፈለቀ ኃይሉ ይሉት የነበረው «አልተመቸኝም» ከውድድሩ ወጥቶ በየሰፈሩ መቀለጃ እንደሆነ ብዙዎች ያስታውሳሉ፤ ዛሬ ደግሞ የዳኛው ንግግርም ሆነ የእርስዎ መልስ ተቆርጦ በስልክ ሲዞር ይውላል። «ከሪትም ወጥተሃል» ቢባሉ የት ላይ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መልሱንም ከአዳራሹ እንደወጡ ይጻፉት፣ ለሚቀጥለው ዙር ዳኛው የሚያስታውሰው እሱን ነው።

8. ከመፈረምዎ በፊት

ካለፉ ውል ይመጣል፤ የሚመጣውም ደስታ በበዛበት ሰዓት ነው። ወረቀቱን ወስደው ለማንበብ ቢያንስ አንድ ቀን ይጠይቁ፤ ከተቻለም ውል የሚያውቅ የሕግ ባለሙያ ያሳዩት። ዕድሜዎ 18 ካልሞላ ወላጅ ወይም ሞግዚት ሳይኖር አይፈርሙ። የሚከተሉትን በጣትዎ እያመለከቱ ይፈልጉ።

የተቀረጸው ምስልና ድምፅ የማን ነው፣ ለስንት ጊዜስ? በውድድሩ ወቅት በሌላ መድረክ፣ በሠርግ ወይም በምሽት ክበብ መሥራት ይከለከላሉ? በሠርግ ሥራ የሚተዳደር ድምፃዊ ይህን ሳያይ ፈርሞ ለወራት ገቢው ሊቋረጥ ይችላል። ከውድድሩ በኋላስ አዘጋጁ በሥራዎ ላይ ድርሻ ወይም ቅድሚያ አለው? ሽልማቱ በምን መልክ፣ በስንት ቀን ውስጥ ይከፈላል፣ ግብሩስ የማን ነው? ቃል የተገባው አልበም ከሆነ፣ የዜማና የግጥም፣ የቅንብርና የስቱዲዮ ወጪ የማን እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚወጣ በጽሑፍ ይስፈር። የመጀመሪያውን ባላገሩ አይዶል ያሸነፈው ዳዊት ጽጌ እንኳ አልበሙን ለአድማጭ ያደረሰው ከዓመታት በኋላ ነው።

የሌሎችን ዘፈን በውድድሩ ላይ መዝፈንን በተመለከተ ፈቃዱን መጨረስ የአዘጋጁ ሥራ እንዲሆን ይጠይቁ። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለዜማና ለግጥም ባለቤቶች መብት ይሰጣል፤ የውድድር ዘፈንዎን በራስዎ የዩቲዩብ ገጽ ሲለጥፉ ከደራሲዎቹም ከጣቢያውም ጥያቄ ሊነሳብዎ ይችላል።

9. ከባንዱ ጋር ልምምድ

ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የሚደርሰው የልምምድ ጊዜ አጭር ነው። ወረቀትዎ ላይ አራት ነገር ይኑር፦ ኪይና ቅኝት፣ የምቱ ፍጥነት፣ የዘፈኑ ቅደም ተከተል፣ አጨራረሱ። ዘፈኑን በድምፅ ፋይል አስቀድመው ይላኩ፤ ኪይ ከተለወጠ የተለወጠውን ይላኩ። ክራር ወይም ዋሽንት የሚገባበት ከሆነ ይህን በተለይ ቀድመው ያሳውቁ፤ ኪቦርድ በአንድ አዝራር ኪይ ይቀይራል፣ ክራር ግን እንደገና መቃኘት አለበት፣ የዋሽንት ተጫዋችም ለዚያ ኪይ የሚሆን ሌላ ዋሽንት መያዝ ይኖርበታል። በቀጥታ ስርጭት ቀን ጠዋት «ግማሽ ዝቅ አድርጉልኝ» ማለት መሣሪያ ተጫዋቾቹን የሚያስቆጣው ለዚህ ነው።

በልምምዱ መጀመሪያ ሙሉ ዘፈኑን ለመጫወት አይቸኩሉ። መግቢያውን ሁለት ጊዜ ያስደግሙ፤ የሚገቡበትን ቦታ የሚያመለክት አንድ መሣሪያ ይምረጡ፣ ለምሳሌ የድራሙን መሸጋገሪያ ምት ወይም የኪቦርዱን የመጨረሻ ድምፅ። ቀጥሎ አጨራረሱን ይሥሩ። መካከሉ በአብዛኛው ራሱን ይችላል።

ሞኒተርዎን፣ ማለትም የራስዎንና የባንዱን ድምፅ በመድረክ ላይ ለእርስዎ የሚያሰማዎትን ማጉያ፣ ይፈትሹ። ከአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ተመልሶ የሚመጣውን የሚከተል ሰው ከባንዱ ይዘገያል። ለድምፅ ባለሙያው «ድምፄን ጨምርልኝ» ብቻ አይበሉ፤ «የራሴን ድምፅና ኪቦርዱን ጨምርልኝ፣ ድራሙን ቀንስልኝ» ብለው ለይተው ይንገሩ። የማይኩን ራስ በእጅዎ አይሸፍኑ፤ የድምፅ ማጉያው መጮህ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። ዝቅ ሲሉ ማይኩን ወደ ከንፈር ያቅርቡ፣ ከፍ ሲሉ ትንሽ ያርቁት።

በመድረክ ላይ ችግር ሲፈጠር፦

መግቢያው ካመለጠዎት በዘፈቀደ አይግቡ፤ ወደ መሪ ተጫዋቹ ይመልከቱ፣ ባንዱ መግቢያውን አዙሮ ይሰጥዎታል። ይህን በልምምድ ላይ አስቀድመው ይስማሙ።

ባንዱ በተሳሳተ ኪይ ከጀመረና በቀጥታ ስርጭት ካልሆነ፣ ከመግባትዎ በፊት እጅዎን አንስተው ያስቁሙ። በቀጥታ ስርጭት ከሆነ ዝቅተኛውን ክፍል እንደምንም ያሳልፉና በአዝማቹ ላይ ከፍ ያለችዋን ድምፅ ለሌላ የቅኝቱ ድምፅ ይለውጡ። ለዚህ ነው ቅኝቱን ማወቅ የሚያስፈልገው።

ሞኒተሩ ከጠፋ አንድ ጆሮዎን በጣትዎ ይድፈኑ፤ የራስዎን ድምፅ ከውስጥ ይሰሙታል።

10. ካሜራና አለባበስ

ቀይ መብራት የበራበት ካሜራ እየተላለፈ ያለው ነው፤ ነገር ግን ዘፈኑን ሁሉ እሱን ሲያሳድዱ አይዋሉ። ደቃቅ መስመር ያለው ጨርቅ በስክሪን ላይ ይንቀጠቀጣል፤ የሚንሿሿ ጌጥ ወደ ማይክ ይገባል። በልምምድ ቀን በመድረክ ጫማዎ ይለማመዱ።

11. የተመልካች ድምፅ

በመጀመሪያ ውጤቱ እንዴት እንደሚሰላ ይጠይቁ፦ ከመቶ ስንቱ የዳኞች፣ ስንቱ የተመልካች ነው? የባለፈው ሳምንት ድምፅ ይደመራል ወይስ በየሳምንቱ ከዜሮ ይጀምራል? የሚደመር ከሆነ ቅስቀሳው ከመጀመሪያው ሳምንት ይጀመራል፤ የማይደመር ከሆነ አቅምዎን ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት ያቆዩ። በእስራኤል ሃኮኻቭ ሃባ በተባለው ውድድር ተመልካቹ ድምፅ የሚሰጠው በስልክ መተግበሪያ፣ ዘፈኑ እየተዘፈነ ነው፤ ድጋፉ 70 ከመቶ ሲደርስ ከተወዳዳሪው ፊት ያለው ግድግዳ ይነሳል። በ2020 እ.ኤ.አ. ያሸነፈችው ቤተ እስራኤላዊቷ ኤደን አለነ ናት። በእንዲህ ያለ አሠራር ከስርጭቱ በኋላ የሚደረግ ቅስቀሳ ጥቅም የለውም፤ ደጋፊው በዚያችው ደቂቃ ስልኩን ይዞ መገኘት አለበት።

ድምፁ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚሰጥ ከሆነ ለደጋፊዎች የሚልኩት ማስታወሻ ሦስት ነገር ብቻ ይያዝ፦ የእርስዎን ኮድ፣ የሚላክበትን አጭር ቁጥር፣ መስጫው የሚዘጋበትን ሰዓት። ሰዓቱን «ማታ ሦስት ሰዓት» ብለው ሲጽፉ በውጭ አገር ያሉ ዘመዶች በዓለም አቀፉ አቆጣጠር እንዳይረዱት በሁለቱም ይጻፉት። አጭር ቁጥሩ ከኢትዮጵያ ውጭ ካለ መስመር የማይሠራ ከሆነ፣ እነሱ በፌስቡክና በቲክቶክ ክሊፑን ማጋራት ይችላሉ። መልእክቱ ከደጋፊው ሒሳብ እንደሚቆርጥ በግልጽ ይናገሩ፤ ደጋፊው ማረጋገጫ ካልደረሰው ኮዱን በትክክል መጻፉን እንዲያይ ይንገሩት፣ ደጋግሞ ከመላኩ በፊትም የመስጫው ሰዓት አለማለፉን ያረጋግጥ።